ቴኒስ፣ የቡና ሙቀጫ እና «እንዴ!»

እስኪ ይህን ማንበብ ለግማሽ ደቂቃ ተዉትና ቴኒስ ተጫወቱ። ከወንበራችሁ ሳትነሡ፣ እጃችሁን ሳታንቀሳቅሱ፣ በሐሳብ ብቻ። ራኬቱን ያዙ፤ ኳሷ መጣች፤ ምቷት፤ ተመልሳ መጣች፤ አሁንም ምቷት። (ራኬት ጨብጠን ለማናውቅ ለአብዛኞቻችን ነገሩ ትንሽ እንደሚከብድ ገብቶናል፤ እንመለስበታለን።) ጨረሳችሁ? አሁን ደግሞ በሩን ከፍታችሁ ወደ ቤታችሁ ግቡ። ሳሎኑን አቋርጡ፣ ጓዳ ዝለቁ፣ መኝታ ቤቱን እዩት፣ የት ምን እንደተቀመጠ ልብ በሉ።

አጠገባችሁ ያለ ሰው ቢጠየቅ ምንም አላደረጋችሁም። «ፈዝዘው ነበር» ነው የሚለው። አንጎላችሁ ውስጥ ግን ሁለቱ ሐሳቦች ሁለት የተለያዩ ሰፈሮችን ቀስቅሰዋል። ቴኒሱ እንቅስቃሴን የሚያቅደውን፣ አናት አካባቢ ያለውን ክፍል፤ የቤቱ ጉብኝት ደግሞ ቦታንና መንገድን የሚያስታውሰውን፣ ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ ያለውን።

እ.ኤ.አ. በ2006 እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ ውስጥ አድሪያን ኦወን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ይህንኑ ጥያቄ ለአንዲት የ23 ዓመት ወጣት አቀረቡላት። ልጅቷ ከአምስት ወር በፊት በመኪና አደጋ አንጎሏ ክፉኛ ተጎድቷል። ዓይኗ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ትተኛለች፣ ትነቃለች፤ ሲጠሯት ግን አቤት የለም፣ እጅሽን አንሺ ሲሏት የሚነሣ እጅ የለም። ሐኪሞች «ቬጀቴቲቭ» በሚሉት ሁኔታ ውስጥ ናት ተብሎ ተመዝግቧል። (ቃሉ ከዕፅዋት ጋር ዝምድና አለው። እኛ አንወደውም፤ ግን አላወጣነውም።) ማሽን ውስጥ አስተኟትና «ቴኒስ ስትጫወቺ አስቢ» አሏት። አሰበች። «ቤትሽ ውስጥ ስትዘዋወሪ አስቢ» አሏት። ይህንንም አሰበች። ምስሏን ያንኑ ነገር እንዲያስቡ ከተጠየቁ 12 ጤነኛ ሰዎች ምስል ጋር ሲያስተያዩት ልዩነት አጡበት።

ይህ ወሬ ለእኛ ከሳይንስ ገጽ ወጥቶ የቤተሰብ ጉዳይ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። እኛ ስንል በእናቶቻችን ታላቅ እህት ግቢ ውስጥ ያደግን አራት የእህትማማች ልጆች ነን። እናቶቻችን «እትዬ» ሲሏት እየሰማን እኛም እትዬ አልናት፤ በዚያው ቀረ። እትዬ የሰፈሩ ዕቁብ ገንዘብ ያዥ፣ ቡና ሳትጠጣ የማታነጋግር፣ ከቁጣዋ ሳቋ የሚያስፈራ ሴት ናት። አንድ ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ወደቀች። ስትሮክ ነው፤ ግራው የአንጎሏ ክፍል ደም ተቋርጦበታል። ዘጠኝ ቀን ዓይኗን ሳትገልጥ ተኛች።

የሆስፒታል ጥየቃ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ሰው ብርቱካንና ጁስ ይዞ ይመጣል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ ከንፈሩን ይመጣል፣ ከዚያ ወሬ ይጀምራል። እናላችሁ በሦስተኛው ቀን አንድ ዘመዳችን «እሷማ ሄዳለች፤ እዚህ ያለው ሥጋዋ ነው» አለ። ሌላዋ የዕድሩ ድንኳን አንድ ይበቃ እንደሆነ ጠየቀች። አጎታችን ደግሞ ግቢው ውስጥ ያሉትን የሁለት ክፍሎች ኪራይ ከዚህ ወር ጀምሮ ማን እንደሚሰበስብ አነሣ። ይህ ሁሉ በእትዬ ራስጌ ነው። ከአራታችን ታናሿ «ትሰማ ይሆናል እኮ!» ብላ ጮኸች። «ሐኪሙ አትሰማም ብሏል» አላት አጎታችን።

ሐኪሙ እንደዚያ አላለም። ሐኪሙ ያለው «ምላሽ አትሰጥም» ነው።

እዚህ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ክፍተት ነው የካምብሪጆቹ ሰዎች የገቡበት። ለብዙ ዘመን ሕክምና አንድ ሰው «አለ» ወይስ «የለም» የሚለውን የሚያውቀው በምላሽ ነበር፤ እጄን ጭመቅ፣ ወደዚህ ተመልከት፣ ስምህ ማን ነው። የሚጨመቅ እጅ፣ የሚታዘዝ ዓይን፣ የሚናገር አፍ የሌለው ሰው እንደሌለ ይቆጠራል። ሌላ መንገድ ስላልነበረ እንጂ ሐኪሞቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም።

ማሽኑ ሐሳብ አያነብም፤ ይህን አስቀድመን እንናገር፤ የሬዲዮው ወሬ ሁልጊዜ «ሐሳብ የሚያነብ ማሽን ተሠራ» ብሎ ነዋ የሚጀምረው። ማሽኑ የሚያየው ደም ነው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆን ነው፤ ከምናጠፋው ጉልበት ግን 20 በመቶ ያህሉን ብቻውን ይበላል። (እንዲህ ያለ ዘመድ በየቤቱ አለ።) ለነገ ብሎ የሚያስቀምጠው ስንቅ እምብዛም ስለሌለው አንዱ ሰፈር ሥራ ሲበዛበት ወዲያው ኦክስጅን የተሸከመ ደም ይላክለታል። ኦክስጅን የተሸከመ ደምና ኦክስጅኑን ያራገፈ ደም ደግሞ ማግኔት ፊት ጠባያቸው አንድ አይደለም። ሴጂ ኦጋዋ የተባለ ጃፓናዊ ሳይንቲስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ በሚገኘው ቤል ላብራቶሪ በአይጦች አንጎል ያሳዩት ይህንን ነው። በ1992 ሰው ላይ ተሠራበት፤ ፈንክሽናል ኤም አር አይ የሚባለው ዘዴ ተወለደ።

ዘዴው ድንቅ ነው፤ ግን ዓይኑ ደካማ ነው። ደሙ ዘግይቶ ስለሚደርስ ምልክቱ ጫፍ ላይ የሚወጣው ሐሳቡ ከመጣ ከ5 ወይም ከ6 ሰከንድ በኋላ ነው። በምስሉ ላይ አንዲት ነጥብ የምትባለዋም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የነርቭ ሕዋሳትን ጠቅልላ የያዘች ናት። በሌሊት አዲስ አበባን ከአውሮፕላን ላይ እንደማየት ነው። መብራት ያለው የትኛው ሰፈር ነው፣ የጠፋበትስ የትኛው፣ ይታያል። ቤት ውስጥ ምን እንደሚወራ ግን አይሰማም።

ደግሞ ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ2009 ክሬግ ቤኔት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና ጓደኞቹ አንድ ሙሉ ሳልመን ዓሣ ማሽኑ ውስጥ አስተኙ። ዓሣው ሞቷል። ያም ሆኖ የሰዎች ፎቶግራፍ እያሳዩት «እዚህ ሥዕል ላይ ያለው ሰው ምን እየተሰማው ይመስልሃል?» ብለው በወጉ ጠየቁት። ውጤቱን ያለ ጥንቃቄ ሲያሰሉት የሞተው ዓሣ አንጎል ውስጥ «የበሩ» ነጥቦች ተገኙ! ምክንያቱ ተአምር አይደለም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦችን አንድ በአንድ ስትፈትሹ ጥቂቶቹ በአጋጣሚ ብቻ ሥራ ላይ ያሉ ይመስላሉ። ለዚህ የተዘጋጀው የስታትስቲክስ እርማት ሲደረግ የዓሣው ሐሳብ ድርግም ብሎ ጠፋ። ሰዎቹ በ2012 መጀመሪያ የሚያስቅ ቀጥሎ የሚያሳስብ ምርምር የሚሸለምበትን ኢግ ኖቤል ተሸለሙ። ይገባቸዋል። እኛም ከዚያ ወዲህ «የፍቅር ቦታ በአንጎል ውስጥ ተገኘ» የሚል ርዕስ ባየን ቁጥር ያ ዓሣ ትዝ ይለናል።

ታዲያ የካምብሪጇ ልጅ ምስል ከዓሣው በምን ይለያል? ልዩነቱ ማዘዝና መታዘዝ ነው። ቴኒስ ሲሏት አንዱ፣ ቤት ሲሏት ሌላው፣ አቁሚ ሲሏት ጸጥ፣ ይህም በየግማሽ ደቂቃው እየተደጋገመ። ድንገት የበራ ነጥብ «አሁን አቁም» ሲሉት አይሰማም።

እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ እነ ኦወን ከቤልጅየም ሊየዥ ከተማ ሐኪሞች ጋር ሆነው 54 በሽተኞችን ፈተሹ። አምስቱ በትእዛዝ አሰቡ። ከነዚህ አንዱን ወጣት ከዚያ አልፈው ጠየቁት፤ «አዎ» ለማለት ቴኒስ አስብ፣ «አይደለም» ለማለት ቤትህን አስብ። የአባትህ ስም እንዲህ ነው? ወንድም አለህ? ከቀረቡለት ስድስት ጥያቄዎች አምስቱን በትክክል መለሰ። ለስድስተኛው ዝም አለ፤ ተሳስቶ ሳይሆን ምንም ምልክት ሳይታይ። ይደክመው፣ እንቅልፍ ይውሰደው፣ «አሁንስ በዛ» ይበል፣ ማን ያውቃል።

ትልቁ ቁጥር የመጣው በ2024 ነው። በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን የታተመው ጥናት በስድስት ማዕከላት የተመረመሩ 353 ሰዎችን ይዟል። ከነዚህ ውስጥ 241ዱ አልጋቸው አጠገብ ሲታዘዙ ምንም የማይመልሱ ነበሩ። በፈንክሽናል ኤም አር አይ ወይም የራስ ቅል ላይ በሚለጠፍ የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ወይም በሁለቱም ሲፈተሹ 60ዎቹ ትእዛዙን በሐሳባቸው ሲፈጽሙ ተገኙ። ከአራት አንድ ማለት ነው።

ከአራት አንድ የሚለውን ሰው ሁሉ አወራለት። እኛን ያስቆመን ግን ሌላው ቁጥር ነው። በዚያው ጥናት ውስጥ ሲታዘዙ በግልጽ የሚመልሱ፣ «አሉ» የተባሉ 112 ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱም በማሽኑ የታዩት 43ቱ ብቻ ናቸው። ሰውየው ዓይንህ እያየ እጁን ያነሣል፤ ማሽኑ ግን አላየሁትም ይላል። እንግዲህ ማሽኑ «አለ» ሲል ትልቅ ምስክር ነው፤ «የለም» ሲል ግን ምስክርነቱ ቀጭን ነው። ይህን የማይናገር ዜና ካነበባችሁ ግማሹን ነው ያነበባችሁት።

(በነገራችን ላይ ንቃተ ሕሊና ራሱ ምን እንደሆነ ሊቃውንቱም አልተስማሙም። ክሪስቶፍ ኮክ የተባለው የአንጎል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1998 «በ25 ዓመት ውስጥ ምስጢሩ ይገኛል» ብሎ ከፈላስፋው ዴቪድ ቻልመርስ ጋር ተወራረደ። 2023 ደረሰ፤ ኮክ ኒው ዮርክ ላይ ሰው በተሰበሰበበት መሸነፉን አምኖ ወይን ጠጁን አስረከበ።)

እትዬ የነበረችበት ሆስፒታል ሲቲ ስካን አንሥቷታል፤ ጉዳቱ የት እንደሆነ አይተናል። ሲቲ ስካን ግን የቤቱን ግድግዳ ያሳያል እንጂ ውስጥ ሰው መኖሩን አይናገርም። ያንን ሌላውን ማሽን ብናገኝ ምን እንላት ነበር እያልን አራታችን ኮሪደር ላይ ተከራክረናል። ቴኒስ አይሆንም፤ እትዬ ቴኒስ የምታውቀው ቴሌቪዥን ላይ ሲያልፍ ነው። ቡና መውቀጥ! ዘነዘናውን አንሺ፣ አውርጂ፣ አንሺ፣ አውርጂ። እጅ የሚያንቀሳቅስ፣ ዕድሜ ልኳን የሠራችው፣ ዓይኗን ጨፍና የምትችለው ሥራ። ስድሳ ዓመት ለወቀጠች ሴት ከቴኒስ ይልቅ ይህ ሳይሻል ይቀራል? ሐሳባችንን ለሳይንቲስቶቹ በነጻ ሰጥተናል።

በአሥረኛው ቀን ዓይኗን ገለጠች። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አሉ። ቃልም ሄደ። የቀረላት አንድ ነው፤ «እንዴ»።

አማርኛ የምትናገሩ ሁሉ «እንዴ» ምን ያህል ሰፊ ቃል እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የእትዬ ደግሞ ይበልጥ ሰፋ። ረዘም ሲል «መጣችሁ?» ነው። ቆረጥ ሲል «ተወኝ» ነው። ከፍ ብሎ ሲጀምር ስድብ ነው፤ ስድቡን ለማወቅ አስተርጓሚ አያሻም። የሚገርመው ደግሞ ማለዳ ማለዳ አቡነ ዘበሰማያትን ከዳር እስከ ዳር መድገሟ ነው። አንድ ቃል እንኳ አትዘልም። «ውሃ» በይ ስትሏት ግን «እንዴ»። ጎረቤቱ ተአምር ነው አለ፤ እኛም አልተከራከርንም። የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ ግን ነገሩ እንግዳ እንዳልሆነ ነገረችን። ከልጅነት ጀምሮ በቃል የተያዘ ጸሎት፣ መዝሙር፣ ቁጥር መቁጠር፣ አንዳንዴም ስድብ፣ ዐረፍተ ነገር ከሚሠራው ክፍል ውጭ ሌላ መጠለያ ያለው ይመስላል።

የቋንቋና የአንጎል ታሪክ ራሱ የሚጀምረው በአንድ እንዲህ ባለ ሰው ነው። ሌቦርኝ ይባላል። ፓሪስ አጠገብ በሚገኘው ቢሴትር ሆስፒታል 21 ዓመት ኖሯል፤ ስለ ምንም ቢጠይቁት «ታን፣ ታን» ነው መልሱ፤ ስሙም በሆስፒታሉ ታን ሆኖ ቀረ። ሲናደድ ብቻ ስድብ ያመልጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1861 ሊሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ፖል ብሮካ የተባለ ሐኪም አገኘው። ሲሞት አንጎሉን ከፍቶ አየ፤ በግራ በኩል፣ ግንባር አካባቢ ተጎድቷል። «የንግግር ቦታ» ተብሎ በየመማሪያ መጽሐፉ የገባው ያ ሰፈር እስከ ዛሬ በብሮካ ስም ይጠራል። ብሮካ አንጎሉን አልቆረጠውም፤ እንዳለ አስቀመጠው። እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪዎች ያንን ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ አንጎል ኤም አር አይ ውስጥ አስገብተው ሲያዩት ጉዳቱ ብሮካ ከውጭ ካየው እጅግ የጠለቀ ሆኖ ተገኘ። አንድ ሰፈር ብቻ አልነበረም የፈረሰው፤ ሰፈሮቹን የሚያገናኙት መንገዶችም ነበሩ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ መማሪያ መጽሐፎች የሚዘሉት፣ እኛ ግን የወደድነው ክፍል አለ። ብሮካ ሌቦርኝን እዚህ ስንት ዓመት ሆነህ ብሎ ጠየቀው። ሰውየው መዳፉን አራት ጊዜ ዘረጋ፣ ከዚያ አንድ ጣት ጨመረ። ሃያ አንድ። ልክ ነበር።

እትዬ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ በሁለተኛው ወር አጎታችን ኪራይ ሰብስቦ መጣ። ሁለቱ ተከራዮች በድምሩ የሚከፍሉት 9 ሺህ ብር ነው። እፊቷ ቆጥሮ አስቀመጠላትና «ይኸው ሙሉ ነው» አለ። እትዬ በግራ እጇ ወደ ራሷ ሳበችው፤ እየነጣጠለች ጉልበቷ ላይ ደረደረችው፤ ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ቀና ብላ «እንዴ!» አለችና አምስት ጣቷን ዘረጋች። አምስት መቶ ብር ጎድሎ ነበር። «ለትራንስፖርት እኮ ነው» አለ አጎታችን።

ይህን የሚያስረዳ ሳይንስ አለ። እንግሊዛዊቷ ሮዝመሪ ቫርሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2005 በጽኑ የቋንቋ ጉዳት ላይ ያሉ ሦስት ወንዶችን አጥንተዋል። ሰዎቹ «ውሻው ልጁን ነከሰ» እና «ልጁ ውሻውን ነከሰ» ዓይነት ዐረፍተ ነገሮችን መለየት ይቸግራቸዋል። (ለእኛ ልዩነቱ በ«ን» ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ለእነርሱ በቃላት ቅደም ተከተል።) ስሌት ላይ ሲደርሱ ግን የትኛው ከየትኛው እንደሚቀነስ አይጠፋቸውም፤ ቅንፍ ያለበትን እንኳ ይሠራሉ። በአሜሪካ ኤም አይ ቲ የምትሠራው ኤቭ ፌዶሬንኮ ደግሞ ይህንኑ በጤነኞች አንጎል ስታይ ኖራለች። በአብዛኞቻችን ግራ አንጎል ውስጥ ስንሰማም ስናነብም ስንናገርም የሚነሣ የቋንቋ መረብ አለ። ያ መረብ ሒሳብ ስንሠራ አይነሣም፤ ሙዚቃ ስንሰማ አይነሣም። በ2022 እነርሱው ከ12 የቋንቋ ቤተሰቦች የተውጣጡ የ45 ቋንቋዎችን ተናጋሪዎች ማሽኑ ውስጥ አስገብተው ሲያዩ መረቡ በሁሉም ዘንድ እዚያው ቦታ ተገኘ። በ2024 ፌዶሬንኮና ሁለት ባልደረቦቿ ኔቸር መጽሔት ላይ ቋንቋ በዋነኛነት መግባቢያ እንጂ ማሰቢያ አይደለም ብለው እስከ መጻፍ ደርሰዋል። ሁሉም አልተቀበላቸውም፤ ክርክሩ ገና ነው። እኛ ግን አምስቱን ጣት ስላየን ወደ እነርሱ እናደላለን።

አማርኛችንም ቢሆን ሁለቱን አንድ ቤት አላስገባቸውም። ማሰብ በልብ ነው፣ መናገር በአንደበት። «ልብ አለው» እንላለን፤ «በልቡ ይዞታል» እንላለን። ነገር ግን አፍ የተያዘበት ሰው ፊታችን ሲቀመጥ ወዲያው ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንደ ሕፃን እናነጋግረዋለን፤ ወይም እሱን ትተን አጠገቡ ያለውን «ቡና ይጠጣል?» ብለን እንጠይቃለን።

ወጉ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለን። አላለቀም። ባለፈው ዓመት እትዬ ኪራዩን እንድትሰበስብላትና ባንክ እንድትመላለስላት ለእናታችን ውክልና ልትሰጥ ፈለገች። ፈለገች የምንለው በግምት አይደለም፤ የሁሉንም ፎቶ ደርድረንላት ሦስት ጊዜ በተለያየ ቀን ጠይቀናት፣ ሦስት ጊዜም አንዱን ፎቶ ነው ያነሣችው። አንድ መሥሪያ ቤት ይዘናት ሄድን። ኃላፊው ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጣት። «ፈቃድዎን በአንደበትዎ ይንገሩኝ» አላት። «እንዴ» አለች። እንደገና ጠየቃት። «እንዴ!» አለች፤ ይኼኛው ከፍ ብሎ የሚጀምረው ነው። ኃላፊው ወረቀቱን መለሰልን። አጎታችን ይህን ሲሰማ ጊዜ አላጠፋም፤ አእምሮዋን ስለሳተች ሞግዚት ይሾምላት፣ ሞግዚቱም እኔ ልሁን ብሎ ማመልከቻ አስገባ።

ሕጉን ፈልገን አነበብነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 339 የሚጠይቀው ስለ ምላስ አይደለም፤ ሰውየው የሚሠራውን ሥራ ክብደት መረዳት ይችላል ወይስ አይችልም ነው የሚለው። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 340 መስማትና መናገር የማይችሉትን፣ ዓይነ ስውራንንና ሌሎች ዘላቂ ጉዳት ያለባቸውን ያነሣል። እነርሱም ራሳቸውን ወይም ንብረታቸውን መጠበቅ ካልቻሉ ሕጉ ለአእምሮ ሕሙማን የሚሰጠውን ጥበቃ ለጥቅማቸው ሊጠይቁ ይችላሉ ይላል። ሊጠይቁ። ከስልሳ ዓመት በፊት የተጻፈ ነው፤ የሚጠቀምባቸው ቃላት ዛሬ ይሰቀጥጣሉ፤ ግን ዝምታን ከእብደት ጋር አላምታታም። ያምታታነው እኛ ነን፣ በየቢሮው።

አሜሪካ ያለው የአክስታችን ልጅ በዚህ መካከል አንድ ዜና ላከልን፤ «ይኼ ለእትዬ አይሆንም?» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰው የሚሰማውን ታሪክ ፍሬ ነገር ከአንጎል ምስል ላይ ወደ ጽሑፍ መልሰዋል። አነበብነው። ሦስት ሰዎች እያንዳንዳቸው 16 ሰዓት ማሽን ውስጥ ተኝተው ታሪክ ሰምተዋል፤ በአንዱ የሠለጠነው ኮምፒውተር በሌላው አይሠራም፤ ሰውየው እንቢ ብሎ በልቡ ሌላ ታሪክ ቢያወራ ይምታታል። ደግሞም የተሞከረው ቋንቋቸው ባልተጎዳ ሰዎች ላይ ነው፤ የእትዬ የፈረሰው እዚያው መረብ ነው። አመስግነን መለስንለት። እሷ የምትፈልገው ማሽን አይደለም። ጥያቄውን ጠይቆ አርባ ሰከንድ የሚጠብቅ ዳኛ ነው የምትፈልገው።

ስለዚህ ጥያቄ እያዘጋጀን ነው። እዚህ ላይ ከትምህርት ቤት ካመጣነው ነገር ጋር ተጣላን። ጋዜጠኝነት ስንማር በመጀመሪያው ሴሚስተር የተነገረን «በአዎ ወይም በአይደለም የሚመለስ ጥያቄ አትጠይቁ» ነው። ምክንያቱ እውነት ነው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠያቂውን ሐሳብ ይዞ ይመጣል፤ ተጠያቂው መነቅነቅ ብቻ ይቀረዋል። እትዬ ግን ያላት እሱ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ስትጨብጥ አዎ፣ ሁለት ጊዜ ስትጨብጥ አይደለም። ያ የሊየዥ ወጣትም ያለው እሱ ብቻ ነበር። ስለ አባቱ ስም ጠየቁት፣ ስለ ወንድም ጠየቁት፤ መልሱን አስቀድመው የሚያውቁትን ነው፣ መጀመሪያ ማረጋገጥ አለባቸውና። በጥናቶቹ ውስጥ «ሕመም ይሰማሃል?» የሚለው ጥያቄ ተራ እስኪደርሰው ዓመታት አልፈዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ካናዳ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ምላሽ ያልሰጠ አንድ በሽተኛ ሲጠየቅ «አይደለም» ብሎ በሐሳቡ መልሷል። ሌላ ልናገረው የምፈልገው ነበረኝ የሚል ካለስ? የሚነግራቸው የጠየቁትን ብቻ ነው።

እኛም ጥያቄዎቹን ባለ ሁለት ፊት አድርገናቸዋል። «ኪራዩን እናታችን ትሰብስብ?» ያልነውን ከሌሎች ሦስት ጥያቄዎች በኋላ «ኪራዩን አጎታችን ይሰብስብ?» ብለን እንገለብጠዋለን፤ እየተስማማች ብቻ ከሆነ ይታወቃል። በመካከላቸው መልሳቸው የታወቀ ጥያቄዎች አሉ፤ የዕቁቡ ዕጣ መደብ ስንት ነበር፣ ግቢው ውስጥ ያለው ዛፍ ጽድ ነው ወይስ ባሕር ዛፍ። ባለፈው እሑድ ስንለማመድ ከ20 ጥያቄ 19ኙን መለሰች፤ አንዱን እንደ ሊየዡ ልጅ ዝም አለች።

ዝም ያለችው ታናሿ ለጠየቀቻት ነው። ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። «እትዬ፣ ሆስፒታል ተኝተሽ፣ ዓይንሽ ሳይገለጥ፣ እላይሽ ላይ የተወራውን ሰምተሽ ነበር?» አለቻት። እጇን አልጨበጠችም። አየቻት፤ ከዚያ ወደ ረከቦቱ ጠቆመች። ቡናው ገና አልተወቀጠም ነበር።

ቀጠሮው ለኅዳር ነው።